ጥያቄና መልስ፦ ከጓዳ የወጣ ዕቃ ለማን ይሸጣል?

አዲስ ዓመት ሲቃረብ ቤቱን የማያገላብጥ የለም። ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎችም አብዛኞቹ የማያገለግል ዕቃ አውጥቶ ጥቂት ገንዘብ ስለማግኘት ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን፣ ረጃጅሞቹን አሳጥረን መልሰናል። የዕቃ ዋጋ በብር አልጻፍንም፤ መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ መለወጡ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ገርጂ ነው። ዕቃ ቤቴ በአሮጌ ነገር ተሞልቷል፤ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የተነቀለ ቧንቧ፣ ሽቦ፣ የተበሳ ድስት፣ ጀሪካን፣ የመኪና ባትሪ፣ በማዳበሪያ የታጨቀ ሃይላንድ። ቁራሌው ጠዋት ጠዋት በራችን ያልፋል። ሁሉንም ጠቅልዬ ልስጠውና ልገላገል ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

መልስ፦ ጠቅልለው አይስጡት። ቁራሌው ክምሩን ዞር ዞር ብሎ አይቶ “በጥቅሉ ይህን ያህል” ሲልዎት፣ ያሰበው እዚያ ውስጥ ያለውን ርካሹን ብረት ነው። መዳቡና ነሐሱ በምርቃት ይሄዳል። እሱ ግን መርካቶ ምናለሽ ተራ ሲያደርሰው ለይቶ ነው የሚሸጠው። መለየቱን እቤትዎ ከጨረሱት ትርፉ የእርስዎ ይሆናል። የሚያስፈልግዎት አንድ ማግኔት (ከተበላሸ ስፒከር ጀርባ ይገኛል)፣ አንድ ሞረድና ሦስት አራት ባዶ ማዳበሪያ ነው።

መጀመሪያ ሁሉንም በማግኔት ይፈትኑ። ማግኔቱ ከያዘው ተራ ብረት ወይም ቆርቆሮ ነው፤ በአንዱ ማዳበሪያ ይግባ። ካልያዘው ቀለሙን ይዩ። ነጭና ቀላል ከሆነ አልሙኒየም ነው፤ የተበሳው ድስትና የምጣዱ ክዳን ብዙ ጊዜ እዚህ ይመደባሉ። የሚያታልለው ቧንቧው ነው። ላዩ ስለሚያብረቀርቅ ብረት ይመስላል፤ ገዢውም “ብረት ነው” ብሎ ሊመዝነው ይሞክራል። ማንም በማያየው በጀርባው በኩል በሞረድ ሁለት ጊዜ ፋቅ ያድርጉት። ከሥሩ ቢጫ ከወጣ ነሐስ ነው፤ ከብረት ጋር በአንድ ሚዛን መውጣት የለበትም። ግራጫ ከወጣ ርካሽ ቅይጥ ነው፤ አይድከሙበት። የድሮ ፕሪሙስ ካለዎትም ታንከሩን ይፋቁት፤ ነሐስ የሆነው ብዙ ነው። ነሐሱ ላይ የቀረ የብረት ብሎንና ጎማ ካለ ፈትተው ያውጡ፤ አለዚያ “ድብልቅ ነው” ተብሎ የጠቅላላው ዋጋ ይወርዳል።

ሽቦ አያቃጥሉ። የላስቲኩ ጭስ መርዛም መሆኑ ብቻ አይደለም፤ ተቃጥሎ የጠቆረ መዳብ ከንጹሑ ባነሰ ዋጋ ነው የሚገዛው። ወፍራሙን የመስመር ሽቦ በቢላ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቀው ይላጡት። የቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ ቀጫጭን ሽቦ ግን ለልፋትዎ አይከፍልም፤ ከነልባሱ ይሽጡት።

ምጣዱን ለቁራሌ ከመስጠትዎ በፊት ምኑ እንደተበላሸ ይዩ። የተሰነጠቀው ሸክላው ብቻ ከሆነ፣ ወይም የተቃጠለው ውስጡ ያለው ሽቦ ከሆነ፣ ምጣድ ጠጋኞች አካሉን እንዳለ ይገዙታል፤ ሸክላና ሽቦ ቀይረው መልሰው ይሸጡታልና። በኪሎ ከሚያገኙት የተሻለ ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ። ቁራሌው የሚይዘው ባለ መንጠቆ የእጅ ሚዛን ነው። ስፕሪንጉ ሲያረጅ ይሳሳታል፤ ሆን ብሎ የሚያሳስተውም አለ። ባለ 2 ሊትር የውኃ ጠርሙስ እስከ አፉ ሞልተው ያዘጋጁና መጀመሪያ እሱን በፌስታል አንጠልጥለው ያስመዝኑ። 2 ኪሎና ትንሽ ፈቅ ማለት አለበት። 1 ኪሎ ተኩል ካለ ከሚሸጡት ሩቡ ሊጠፋ ነው ማለት ነው። አይጣሉ፤ “ሚዛንህ ሩብ ይጎድላል፣ በዚያ ሒሳብ ጨምር” ይበሉት። ጠርሙሱን ሲያይ ራሱ የሚያስተካክል ብዙ ነው።

ሃይላንድ የሚያዋጣው ሲጠራቀም ብቻ ነው። የግማሽ ሊትሩ ጠርሙስ ባዶውን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፤ ስለዚህ አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ይፈልጋል። ክዳኑን አውልቀው ለብቻ ያድርጉት፤ የፕላስቲክ ዓይነቱ የተለየ ነው። ከዚያ ጠርሙሱን ጨፍልቀው ይጠቅጥቁት። ጀሪካንን ግን በኪሎ አይስጡ። ንጹሕና ባለ ክዳን ከሆነ በፍሬ የሚገዛ አይጠፋም። ጸረ ተባይ ወይም ሌላ ኬሚካል የነበረበትን ቀዳደው ለብቻ ይጣሉት፤ አለዚያ አንድ ሰው ዘይት ወይም ጠላ ይሞላበታል።

የመኪና ባትሪው ውስጥ ያለው እርሳስ ስለሆነ ከሁሉም የተሻለ ሊያወጣ ይችላል። አሲዱን “እንዲቀል” ብለው አያፍስሱት፤ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ መሬት ያበላሻል። ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ይቆይና እንዳለ ይሸጥ።

የቢራና የለስላሳ ጠርሙስ ቁራሌ ጋ አይሄድም። መያዣ የተከፈለበት ነው፤ 24ቱን በሣጥኑ አሟልተው ለሱቁ ይመልሱ። አፉ የተሸረፈውን አይቀበሉም። ባዶ የውስኪ ጠርሙስ ከእነ ሳጥኑ በደህና ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ግን ለምን እንደፈለገው ይገምቱ፤ አስመስሎ የሚሞላ አለ። ሌብሉን ፍቀው ይስጡ።

ጥያቄ፦ ከሲኤምሲ ነው የምጽፍላችሁ። ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነን። ትልቅ ፍሪጅና ኤል ሶፋ መሸጥ እንፈልጋለን። ያገለገሉ ዕቃዎች ነጋዴ መጥቶ የሰጠን ዋጋ ከገዛንበት እንኳ ያነሰ ነው። ፍሪጁ ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ ምንም አልሆነም።

መልስ፦ የገዛችሁበትን ዋጋ እርሱት። መነሻው ዛሬ ተመሳሳዩ አዲስ ፍሪጅ ሱቅ ውስጥ የሚጠራው ዋጋ ነው። በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ስለተወደደ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የተገዛ ደህና ፍሪጅ ከመግዣው በላይ ቢሸጥ የሚያስገርም አይደለም። ሁለት ሱቅ ገብታችሁ በሊትር ተመጣጣኙን ጠይቁ። እንደ እኛ ግምት ለደህና ፍሪጅ የአዲሱን ግማሽ መጠየቅ ነውር የለውም። ነጋዴው ከዚያ በታች የሚሰጠው ማጓጓዣውን፣ ሳይሸጥ የሚቆይበትን ጊዜና ትርፉን ቀንሶ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ቤት የምትለቁ ከሆነ የእሱን ዋጋ ውሰዱ። ሦስት ሳምንት ካላችሁ ግን በቀጥታ ለተጠቃሚ ሽጡ።

ፍሪጅ የሚሸጠው ሲሠራ በማሳየት ነው። ገዢ ከሚመጣበት ሁለት ቀን በፊት ከሶኬት ነቅላችሁ በረዶውን አቅልጡ፤ ለብ ባለ ውኃና ሳሙና እጠቡና በሩን ከፍታችሁ አድርቁት። ሽታ ካለው አንድ ሲኒ ቤኪንግ ሶዳ ውስጡ አሳድሩ። በዋዜማው ማታ ሰኩትና ፍሪዘሩ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውኃ አስቀምጡ። ጠዋት የረጋውን በረዶ ለገዢው ማሳየት ከመሐላ ይበልጣል። የበሩን ጎማ ደግሞ በብር ኖት ፈትሹት። ኖቱን በር መሐል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ፤ ያለ ምንም ተቃውሞ ከወጣ ጎማው ልል ነው። በሙቅ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ስታሹት ብዙ ጊዜ ይለሰልስና ቦታውን ይይዛል። ካልያዘ የጎማውን ዋጋ ከፍሪጁ ላይ ቀንሱ።

ኮምፕሬሰሩ ሳያርፍ እየሠራ የማያቀዘቅዝ ፍሪጅ ላላቸው ሌሎች አንባቢዎች፦ ለመሸጥ ብላችሁ ጋዝ አታስሞሉ። የሚያፈስበት ቦታ ካልተደፈነ በሳምንታት ውስጥ ይወጣል፤ ገዢው ተመልሶ በራችሁ ላይ ይቆማል። “አያቀዘቅዝም” ብላችሁ ለፍሪጅ ጠጋኝ ሽጡት።

ሶፋውን በተመለከተ ርዝመቱንና ስፋቱን በሴንቲ ሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ኤል ሶፋ ከሥሩ በብሎን ስለሚገናኝ ሁለት ቦታ ይከፈላል። ብሎኖቹን በፌስታል አድርጋችሁ እግሩ ላይ በፕላስተር ለጥፉ፤ አንዲት ብሎን ጠፍታ ስንት ጊዜ ጭቅጭቅ ሆኗል። የስፌቱን ጠርዝና የታችኛውን ጨርቅ በባትሪ መብራት ፈትሹ። ጥቁር ነጠብጣብ ካያችሁ ትኋን ነው። እንደዚያ ያለ ሶፋ ሳይታከም አይሸጥ፤ በነጻ እንኳ አይሰጥ።

ከዋጋው እኩል መነጋገር ያለባችሁ ጉዳይ ጫኝና አውራጅ ነው። ከ4ኛ ፎቅ ፍሪጅ ማውረድ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ በሩ ላይ መኪና ሲቆም ደግሞ የሰፈሩ ልጆች “የእኛ ሥራ ነው” ብለው ይመጣሉ። “የማውረጃና የማጓጓዣ በገዢ” የሚለውን ከመጀመሪያው ጻፉት። ፍሪጁ ቆሞ ይጫን። መተኛት የግድ ከሆነበት ገዢው እቤቱ ካቆመው በኋላ ቢያንስ አራት ሰዓት ሳይሰካ እንዲቆይ ንገሩት። ሲተኛ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይፈስሳል፤ ሳይመለስ ከተሰካ ኮምፕሬሰሩ ይጎዳል፣ ከዚያም “የተበላሸ ሸጡልኝ” ይመጣል።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር። ቴሌግራም ላይ ዕቃ ለመሸጥ ፈለግሁ። አንድ ጓደኛዬ ግን በቴሌብር ገቢ ሆኗል ተብላ ቴሌቪዥኗን ሰጥታ ገንዘቡ ሳይገባ ቀረ። እንዴት ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ጓደኛዎን ያታለላት ወይ የውሸት መልእክት ነው፣ ወይ የተቀነባበረ ስክሪንሾት። ማንም ሰው ከራሱ ስልክ “ይህን ያህል ብር ተቀብለዋል” የሚል መልእክት ጽፎ ሊልክልዎት ይችላል። የቴሌብር ማሳወቂያ የሚመጣው ከ127 ነው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ቁጥር የመጣ ከሆነ ጽሑፉ አንድ ፊደል ባይሳሳት እንኳ ውሸት ነው። ከሁሉም የሚያስተማምነው ግን መልእክቱን ትቶ መተግበሪያውን ከፍቶ ወይም *127# ደውሎ ቀሪ ሒሳብን ማየት ነው። ስለዚህ ሰውየው ከመድረሱ በፊት ቀሪ ሒሳብዎን አይተው ያስታውሱ። የባንክ ዝውውርም ቢሆን በገዢው ስልክ ላይ የሚታይ ደረሰኝ ማስረጃ አይደለም፤ በእርስዎ ሒሳብ ላይ መግባቱን ይዩ። ኔትወርክ ከሌለ ዕቃውም ይጠብቃል።

ሌላው የተለመደው “በስህተት አስበልጬ ልኬያለሁ፣ ትርፉን መልስልኝ” ነው። መጀመሪያ የላከው ራሱ አልገባም፤ የሚመልሱት ግን እውነተኛ ገንዘብ ነው። ፒን ወይም በመልእክት የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ገዢ የለም። የጠየቀ ሌባ ነው።

ማስታወቂያውን በተመለከተ ብዙዎች አንድ ጨለማ ፎቶ ለጥፈው “ስላሽ ቲቪ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር” ይላሉ። ዋጋ ያልተጻፈበት ማስታወቂያ የሚያመጣው ወሬኛ ነው። በጠዋት መስኮት አጠገብ አራት ፎቶ ያንሱ፦ ከፊት፣ ከኋላ፣ የሞዴል ቁጥሩ የተጻፈበትን፣ እና ጭረት ካለው ጭረቱን በቅርብ። ጽሑፉ ላይ መጠን፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ምን እንደሚጎድለው (“ሪሞቱ የለም” ቢሆንም)፣ ዋጋና ሰፈር ይግቡ። ዋጋው የሚደራደር ከሆነ ከሚቀበሉት የመጨረሻ ዋጋ ላይ ከመቶ 10 ገደማ ጨምረው “ድርድር አለው” ይበሉ። ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት መለጠፍ ወር አጋማሽ ላይ ከመለጠፍ ይሻላል። “ያዝልኝ፣ ነገ እመጣለሁ” ለሚል ቀብድ ይጠይቁ። ካልሰጠ ቀድሞ ለመጣው ይሽጡ፤ ይሉኝታ አይያዝዎት።

ዕቃ ሲያሳዩ ቤት ውስጥ ብቻዎን አይሁኑ። ስልክና ላፕቶፕ ከሆነ ካፌ ይገናኙ። ውድ ዕቃ ሲሸጡ ሁለት ቅጂ አጭር የሽያጭ ወረቀት ይጻፉ፦ የዕቃው ዓይነትና ሴሪያል ቁጥር፣ ዋጋ፣ ቀን፣ የሁለታችሁ መታወቂያ ቁጥርና ፊርማ። ገዢው የተሰረቀ ዕቃ እንዳይሆንበት ስለሚፈራ፣ ወረቀቱና የመጀመሪያው ካርቶን ዋጋውን ከፍ ያደርጉልዎታል።

ጥያቄ፦ መሳቢያዬ ውስጥ ሦስት አሮጌ ስልክና አንድ ላፕቶፕ አለ። ፎቶና የባንክ ነገር ስላለባቸው ለመሸጥ ፈራሁ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው፤ ግን መፍትሔ አለው። አንድሮይድ ከሆነ ፎቶውን ከገለበጡ በኋላ መጀመሪያ ሴቲንግ ውስጥ አካውንት ገብተው የጉግል አካውንትዎን ያስወጡ፤ ፋክተሪ ሪሴት የሚደረገው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ በተለይ በቁልፍ ሪሴት ከተደረገ፣ ስልኩ ሲከፈት የእርስዎን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ገዢው መክፈት አይችልም፤ የተሰረቀ ነው ብሎም ይጠረጥራል። አይፎን ከሆነ ከአይክላውድ ይውጡና “ፋይንድ ማይ” መጥፋቱን ያረጋግጡ። የሞባይል ባንክና ቴሌብር መተግበሪያዎችን ከሪሴቱ በፊት ይውጡባቸው። ሲም ካርድና ሜሞሪ ካርድ ያውጡ። *#06# ሲጫኑ የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አብራችሁ እዩ። ባትሪው ያበጠ ስልክ ግን ቻርጅ ሳይደረግ ለጠጋኝ ይሰጥ፤ እሳት ሊነሳበት ይችላል።

ላፕቶፑ ላይ “ኩዊክ ፎርማት” ማድረግ ፋይሉን አያጠፋውም፤ ሰው መልሶ ሊያወጣው ይችላል። በድሮው ሃርድ ዲስክ “ኩዊክ” የሚለውን ምልክት አንስተው ሙሉውን ፎርማት ያድርጉ፤ ሰዓታት ይወስዳል። ኤስኤስዲ ከሆነ የዊንዶውስ ሪሴት ውስጥ ዲስኩን የሚያጸዳውን አማራጭ ይምረጡ። ቻርጀሩ ካለ አብሮ ይሸጥ፤ ለብቻው ሲሸጥ ምንም አያወጣም፣ የሌለው ላፕቶፕ ግን ብዙ ይቀነስበታል።

ጥያቄ፦ እናታችን ካረፈች በኋላ ሣጥኗን ስንከፍት 11 ማርትሬዛ ብር፣ አሮጌ የብር መስቀል፣ አንድ የብራና መጽሐፍና በመቀነት የተጠቀለለ የድሮ ባለ 100 ብር ኖት አገኘን። ወንድሜ ወርቅ ቤት ወስደን እንሽጠው ይላል። (ከጎንደር)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አራቱ ዕቃዎች አራት የተለያየ መንገድ አላቸው፤ አንድ ላይ ይዛችሁ አትሂዱ።

ማርትሬዛው ላይ 1780 የሚል ዓመት ታያላችሁ። ያ የተሠራበት ዓመት ላይሆን ይችላል። ንግሥቲቱ ማርያ ቴሬዛ ያረፈችው በ1780 ሲሆን ከዚያ በኋላም በዚያው ዓመት ምልክት ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ “የ240 ዓመት ዕቃ ነው” ብላችሁ አትደራደሩ። ዋጋውን የሚወስነው ብሩ ነው። አንዱ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፤ ማለትም በአንዱ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል አለ። 11ዱ ሲደመር 257 ግራም ንጹሕ ብር ነው። ወርቅ ቤት ከመግባታችሁ በፊት የዕለቱን የብር የግራም ዋጋ ጠይቃችሁ በዚህ አባዙት። ሠሪው ከዚያ ይቀንሳል፤ ምን ያህል እንደቀነሰባችሁ ግን ታውቃላችሁ። የሦስት ቤት ዋጋ ስሙ።

ውሸቱን ለመለየት በዲጂታል የወጥ ቤት ሚዛን አንድ በአንድ መዝኑ፤ ስፋቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ማግኔት አይያዘውም። ከዚያ ዙሪያውን፣ ጠርዙን፣ በጣታችሁ ዳስሱት። እውነተኛው ጠርዙ ላይ ከፍ ብለው የወጡ ፊደሎችና ጌጦች አሉት። በሻጋታ የፈሰሰ ውሸት ጠርዙ ልሙጥ ነው፣ ወይም መሐሉን የዞረ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል። ለአንገት ተብሎ ማንጠልጠያ የተበየደበት ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው ቢቀንስም ብሩ ብር ነው። በአመድ ወይም በአሸዋ አትፈትጉት፤ የተፈተገውን ሰብሳቢ አይፈልገውም።

ብራናውንና መስቀሉን አትሽጡ፤ መጀመሪያ አሳዩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግል እጅ ያለ ቅርስ እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ከባህልና ቱሪዝም ቢሮ ባለሙያ አይቶት መስቀሉ የቅርብ ጊዜ የአንጥረኛ ሥራ ነው ካለ የፈለጋችሁትን አድርጉት። ብራናው የአንድ ደብር ማኅተም ወይም “ዘደብረ…” የሚል ጽሑፍ ካለበት የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሊሆን ይችላል። ለቱሪስት በፎቶ አሳይቶ የሚሸጥላችሁ ደላላ ከመጣ አስወጡት።

የ100 ብሩ ኖት ከመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ቅያሬ በፊት የነበረው ከሆነ ባንክ አይቀበለውም፤ ለቅያሬ የተሰጠው ሦስት ወር ካለፈ ቆይቷል። ያልታጠፈና ንጹሕ ከሆነ ለሰብሳቢ ሊሸጥ ይችላል፤ በመቀነት የተጠቀለለው ግን ብዙ አይጠበቅበትም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ቤት ልንቀይር ነው። ማይክሮዌቭ፣ ብሌንደር፣ ሁለት ላፕቶፕና ስልኮች አሉን። እዚሁ እንሽጥ ወይስ አዲስ አበባ ወስደን እንሽጠው? እዚያ ዋጋ አለው ይላሉ።

መልስ፦ ማይክሮዌቩንና ብሌንደሩን እዚያው ሽጡ። የእናንተ መስመር 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የአዲስ አበባው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፣ ኸርዙን ግን አይለውጥም። ማይክሮዌቭ ውስጥ ያለው ከባድ ትራንስፎርመር ለ60 የተሠራ ስለሆነ በ50 ሲሠራ ከልክ በላይ ይሞቃል፤ ዕድሜው ያጥራል። በዚያ ላይ 1000 ዋት የሚለው ማይክሮዌቭ ከመስመሩ የሚስበው 1500 ዋት ያህል ስለሆነ ቢያንስ የ2000 ዋት ትራንስፎርመር ይፈልጋል፤ ያም ራሱ ውድና ከባድ ነው። ብሌንደር በትራንስፎርመር ይሠራል፤ ግን የትራንስፎርመሩን ዋጋ ጨምሮ የሚገዛ የለም። አዲስ አበባ ብዙ ጓዳ ውስጥ ተቀምጦ የሚያረጀው የአሜሪካ ዕቃ ይኸው ነው።

ላፕቶፖቹን ግን ውሰዱ። ቻርጀሩ ላይ “100–240” የሚል ካለ ሶኬት መቀየሪያ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስልኮቹ በወር ክፍያ ከኩባንያ የተገዙ ከሆነ የተቆለፉ ሊሆኑ ስለሚችሉ ዕዳው አልቆ ሳይከፈቱ አታምጧቸው፤ የተቆለፈ ስልክ አዲስ አበባ ሲም አይቀበልም።

ጥያቄ፦ ቬሎዬ፣ የልጆች የሐበሻ ልብስና ሁለት ሻንጣ ሙሉ ልብስ አለኝ። ልዋጭ ላወጣው ነበር፤ እናቴ ከለከለችኝ።

መልስ፦ እናትዎ ልክ ናቸው፣ ቢያንስ ለግማሹ። ልዋጭ የሚያዋጣው ለታጠበ፣ ለማይቀደድ፣ ግን ሌላ ገዢ ለሌለው ልብስ ነው። የሚሰጥዎትን ሳፋ ወይም ብርጭቆ ሱቅ ውስጥ ዋጋውን አስቀድመው ይወቁና አምስት ሱሪ ለአንድ ሳፋ ሲባሉ ያስሉት።

የልጆች የሐበሻ ልብስ ዓውደ ዓመት ሲቃረብ እንደ አዲስ ነው። ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይለጥፉት። ነጩን በበረኪና አይንከሩ፤ ጥለቱ ይለቃል፣ የወርቅ ክር ካለው ይጠቁራል። ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና በእጅ አሽተው ጥላ ሥር ያድርቁት። ቀሚሱ አርጅቶ ጥለቱ ደህና ከሆነ ጥለቱን አስቆርጠው ለልብስ ሰፊ መሸጥ ይቻላል። ቬሎ ሞዱ ስለሚያልፍ ዓመት በቆየ ቁጥር ይረክሳል። ወይ አሁን ይሸጥ፣ ወይ ለቬሎ አከራይ በድርሻ ይሰጥ፤ ሲሰጡ በየኪራዩ የሚደርስዎትን፣ ቢቀደድ ማን እንደሚከፍልና መቼ እንደሚመለስልዎት በወረቀት ያስፍሩ። ዩኒፎርም ለልዋጭ አይስጡ፤ በነሐሴ በዚያው ትምህርት ቤት የወላጆች ግሩፕ ይለጥፉት።

ጥያቄ፦ የልጆቼ የድሮ የመማሪያ መጻሕፍት ይሸጣሉ?

መልስ፦ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ስለገባ፣ ከዚያ በፊት የታተሙት ለትምህርት ቤት አይሆኑም። የማመሳከሪያ፣ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት መጻሕፍትን ግን የአሮጌ መጽሐፍ አዟሪዎች በፍሬ ይገዛሉ፤ ሽፋኑን በፕላስተር ይጠግኑ፣ የተጻፈበትን እርሳስ ያጥፉ። የቀረው ከጋዜጣ ጋር በኪሎ ለሱቅ መጠቅለያ ይሄዳል። የልጆቹ ስም፣ የመኖሪያ ቁጥርና ፎቶ ያለበትን ገጽ ገንጥለው ያስቀሩ።